ለጀማሪው የሞባይል ፕሮግራም ሠሪ የትኛው መሣሪያ ይበጀዋል?

የዘመኑ ሥራ በእጅ ስልክ መከናወን ከጀመረ ወዲህ፤ ስልኩን የሚያሠራውን ፕሮግራም ማዘጋጀት ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑ የታወቀ ነው። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ በኋላ ገንዘብ በስልክ መላክና መቀበል ለብዙው ሕዝብ የዕለት ተግባር ሆኗል። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥታችን ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር፤ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን በ3 ዓመት ውስጥ የኮምፒዩተር ትምህርት በኢንተርኔት የሚያገኙበትን የኮደሮች ሥልጠና ጀምሯል። ከትምህርቶቹም አንዱ የአንድሮይድ ፕሮግራም አሠራር ነው።

ይህ በር ለአዲስ አበባው ወጣት እንደ ተከፈተ ሁሉ፤ በጠምባሮ ልዩ ወረዳ በሙዱላ ለሚኖረውም ተከፍቷል። ይሁን እንጂ ወደ ውስጥ መዝለቅ የሚቻለው የሚሠሩበትን መሣሪያ እንደ ዐቅም ሲመርጡ ነው። ያለዐቅሙ የተመረጠ ፕሮግራም አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሲጫን ማሽኑ ይደነዝዛል፤ ተማሪውም «ለዚህ ሙያ አልተፈጠርሁም» ብሎ ይተወዋል። ጥፋቱ ግን የአእምሮው ሳይሆን የመሣሪያው ነው። ነገሩን ልናብራራ የተነሣነውም ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያ የሚጠራው አንድሮይድ ስቱዲዮ ነው። ጉግል በ2005 ዓ.ም. ያስተዋወቀው ይህ ፕሮግራም ነፃ ነው፤ ኮትሊን የተባለውን ቋንቋ ለመማርም ዋናው መሣሪያ እርሱ ነው። ሙያውን እንጀራዬ ብሎ ለያዘ ሰው መጨረሻው እዚሁ ቢሆን አያስደንቅም። ነገር ግን ባለቤቱ ጉግል ራሱ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም፤ በኮምፒዩተሩ ላይ ስልክ መስሎ ከሚታየው ኢሙሌተር ጋር ከሆነ ደግሞ 16 ጊጋባይት ያስፈልጋል ይላል። እንግዲህ ባለ 8 ጊጋባይት ላፕቶፕ ያለው ሰው ኢሙሌተሩን ትቶ፤ የራሱን ስልክ በገመድ አገናኝቶ ሥራውን እዚያው ቢሞክር ብዙ ሸክም ይቀልለታል።

ሁለተኛው አፕ ኢንቬንተር ነው። ይህን ጉግል ጀምሮት ኋላ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተረክቦታል። ትእዛዙ አይጻፍም፤ ባለቀለም ቁራጮች እንደ ጡብ ይገጣጠማሉ እንጂ። በኢንተርኔት መቃኛ ውስጥ ስለሚሠራ ደካማ ኮምፒዩተርም ይበቃዋል። ጉድለቱ ኢንተርኔት መፈለጉና ሥራው ሲሰፋ ጠባብ መሆኑ ነው። ቢሆንም የፕሮግራምን አስተሳሰብ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚማር ተማሪ ይህን የመሰለ መግቢያ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው ፍላተር ሲሆን፤ ቋንቋው ዳርት ይባላል። አንድ ጊዜ የተጻፈው ሥራ ለአንድሮይድም ለአይፎንም ይሆናል። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ በተባለው ቀላል መጻፊያ ይሠራበታል። ነገር ግን የአንድሮይዱን ፕሮግራም ለማውጣት የአንድሮይድ መሥሪያ ፋይሎች መጫናቸው አይቀርም፤ የአይፎኑን ለማውጣት ደግሞ የአፕል ኮምፒዩተር ያስፈልጋል። ስለዚህ በአይፎን መጀመር ለብዙው ወጣት ውድ መንገድ ነው።

ላፕቶፕ የሌለውስ ምን ያድርግ? ኮትሊንንም ዳርትንም በስልክ መቃኛ ውስጥ መጻፍና መሞከር የሚቻልባቸው ነፃ ገጾች አሉ። ሙሉ አፕ አይወጣባቸውም፤ የቋንቋውን ሥርዓት ለመልመድ ግን ይበቃሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፤ ላፕቶፑ እስኪገኝ ድረስ ቋንቋውን ማወቅ ከባዶ እጅ ይሻላል።

የኢንተርኔቱም ወጪ መታሰብ አለበት። አንድሮይድ ስቱዲዮ ከተጫነ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ሲከፈት ሌሎች ፋይሎችን ያወርዳል፤ ይህም የዳታ ጥቅል ይበላል። የመጫኛውን ፋይል ግን አንዱ አውርዶ በፍላሽ ለጓደኞቹ ቢያካፍል ለየብቻ ከመክፈል ይድናሉ። የትምህርት ቤትና የወጣቶች ጉዳይ ሹማምንትም አንድ ደኅና ኮምፒዩተር በጋራ መጠቀሚያነት ቢያዘጋጁ፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው አባባል በሥራ ይታያል።

መሣሪያው ግን ለአንድ ጉዳይ እንጂ ለራሱ አይመረጥም። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የተነሣው የአጠውልግ በሽታ በደቡቡ የሀገራችን ክፍል የዝንጅብል አምራቹን እጅግ ጎድቶ እንደ ነበር ይታወሳል። የጤነኛ ዘር አመራረጥን በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ የሚያስረዳ ትንሽ አፕ ለመሥራት የሚያስብ ወጣት፤ የሚያስፈልገው ጽሑፍና ሥዕል ብቻ ስለሆነ በአፕ ኢንቬንተር ሊጀምር ይችላል። መዝገብ የሚይዝና የሚሰፋ ሥራ ሲመጣ ወደ አንድሮይድ ስቱዲዮ ይሻገራል።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት ምርጫው ሦስት ጥያቄዎችን ይከተላል፤ የያዝሁት ማሽን ምን ይችላል? ኢንተርኔቱን እስከ ምን እከፍላለሁ? የምሠራው ለማን ነው? እነዚህን ሳይመልሱ ጓደኛ የያዘውን መያዝ ገንዘብንም ተስፋንም ማባከን ነው። ከተመረጠ በኋላ ደግሞ ከአንዱ ወደ አንዱ ሳይዘሉ፤ አንድ ትንሽ ሥራ ከዳር እስኪደርስ በያዙት መጽናት ይገባል እንላለን።