ከድንጋዩ በፊት

«እባብ ያየ በልጥ ደነበረ» ይላል ያገሬ ሰው። ተረቱ የተተረተው ለሰውየው ድንጋጤ ነው። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር የማስበው ስለ ልጡ ነው። ልጡ ምን አጠፋ? ተኝቶ ሳለ እባብ መስሎ በመታየቱ ብቻ ስንት ልጥ ተቀጥቅጦ ይሆን?

ልጅ ሳለሁ፣ የፈጣም ወንዝ ከቡሬ ወዲያ ወደ ዓባይ ቁልቁል በሚወርድበት በኩል ከብት እንጠብቅ ነበር። ክረምቱ አልፎ ውኃው በጠራበት በአንድ የጥቅምት ረፋድ፣ ከወንዙ መካከል በወጣ ድንጋይ ላይ ፀሐይ የሚሞቅ፣ ከእኔ ቁመት የሚረዝም ፍጡር አየን። «አዞ!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ከዚያ በኋላ የተናገረ የለም፤ ሁላችንም ድንጋይ አነሣን። ወደ ውኃው ለመግባት ሲሞክር መታነው፤ ሲዞር መታነው፤ መንቀሳቀሱን ካቆመ በኋላም መታነው። ጩኸታችንን ሰምተው የመጡ አንድ አዛውንት ጎንበስ ብለው ተመለከቱትና «ይኼማ አርጃኖ ነው፤ ምን አደረጋችሁ?» አሉን። ከመካከላችን መልስ የነበረው አልተገኘም። የዚያን ፍጡር ስም የተማርሁት ከገደልሁት በኋላ ነው።

አርጃኖ ከእንሽላሊት ወገን ሆኖ ቁመቱ እስከ ሁለት ሜትር ይደርሳል። ከተያዘ ይነክሳል፤ በጅራቱም እንደ ጅራፍ ይገርፋል፤ ሰው የሚገድል መርዝ ግን የለውም። ዓሣ፣ እንቁራሪት፣ ሸርጣን፣ የአዞና የወፍ ዕንቁላል ይበላል፤ ጥንብም ያነሣል። ሴቷ ዕንቁላሏን የምትጥለው ዝናብ ያራሰውን የምስጥ ኩይሳ ቆፍራ ነው። ምስጦቹ ቀዳዳውን መልሰው ይደፍኑላታል፤ ልጆቿም በኩይሳው ሙቀት ይፈለፈላሉ። በየማሳው ዳር ቆሞ የምናየው ኩይሳ ለእርሷ የአራስ ቤት ነው።

ዓመታት አልፈው አርጃኖን ባልጠበቅሁት ስፍራ፣ በንባብ፣ ዳግም አገኘሁት። በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት ኬፕ ኮራል በምትባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1990 አካባቢ ጀምሮ በየቦዩ ዳር አርጃኖ ይታያል። ከአፍሪካ በልጅነቱ በሳጥን ታሽጎ ሄደ፤ ለቤት እንስሳነት ተሸጠ፤ ሲያድግ ከጎጆው አመለጠ፣ ወይም የገዛው ሰው ሰልችቶት ለቀቀው። እዚያም ተራባ፤ በመሬት ውስጥ ጎጆ ለሚሠሩት ለከተማይቱ ትንንሽ ጉጉቶች ሥጋት ሆነ። በዚያው ግዛት በኤቨርግሌድስ ረግረግ ደግሞ ከእስያ የሄደ የበርማ ዘንዶ ሠፍሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ዘንዶው በቆየበት ሥፍራ ራኩን የተባለው አውሬ በመንገድ ዳር የሚታይበት መጠን ከ99 በመቶ በላይ ቀንሷል። ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ2021 አርጃኖንና ዘንዶን ጨምሮ በርካታ ተሳቢዎችን ለቤት እንስሳነት መያዝን ከለከለች።

እንግዲህ ወጥመድ የሚዘረጋውን የፍሎሪዳ ሰው አልኮንነውም። ምክንያት አለው፤ ደግሞም የሚያሳድደውን በስሙ ያውቀዋል። ጥፋቱም የአርጃኖው ሳይሆን የነጋዴውና የገዢው ነው። የእኛስ ድንጋይ ምን ምክንያት ነበረው? አርጃኖ እዚያ ባይተዋር ነው፤ በፈጣም ዳር ግን ባለርስት ነው። ያለ አገሩ የመጣው እንግዳና በርስቱ የተቀመጠው ነባር አንድ ዓይነት ፍርድ ከተፈረደባቸው፣ ፈራጁ ሳይጠይቅ ፈርዷል ማለት ነው።

ይህ ሳይጠይቁ መፍረድ ሥሩ ጥልቅ ሳይሆን አይቀርም። የአገራችን የነገሥታት አፈ ታሪክ የሚጀምረው ሕዝቡ ይገብርለት ከነበረው ከዘንዶው ከአርዌ ነው፤ ሥርዓት የተገኘው እርሱ ሲገደል ነው ተብሎ በሸራ ላይ ሲሣል ኖሯል። በጥንት ዘመን ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተተረጎመው ፊሳልጎስም የእፉኝት ልጆች የእናታቸውን ሆድ ቀድደው እንደሚወጡ ይተርካል። እኛም ውለታ ቢስን «የእፉኝት ልጅ» እንለዋለን። እውነቱ ግን እፉኝት ልጆቿን ነፍስ ዘርተው በደኅና ትወልዳለች፤ እርሷም ትተርፋለች። ምሳሌው ለሰው ተግሣጽ ይሁን፤ ለእንስሳው ግን ምስክር አይሆንም።

ይህን ሁሉ ስጽፍ አንድ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ይጮኻል፤ የአጎቴ ድምፅ ነው። ባለፈው ዓመት ለበቆሎ አጨዳ ቡሬ ወርጄ ሳለሁ፣ አመሻሽ ላይ ከአገዳው ክምር ሥር ቡናማ እባብ ወጣ። አጎቴ ዱላቸውን አነሡ።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ መርዝ የለውም፤ አይጥ ነው የሚበላው» አልኋቸው።

መትተው ከጨረሱ በኋላ ነው የመለሱልኝ። «ልጄ፣ ጎረቤቴን በዚሁ ማሳ እፉኝት ነድፏት ቀብሬያለሁ። በጨለማ መርዝ ያለውንና የሌለውን እስክለይ ማን ይጠብቀኛል?»

ዝም አልሁ። ዛሬም ቢሆን አጎቴን የሚረታ ቃል የለኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 የእባብን ንድፊያ ችላ ከተባሉት የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ አስገብቶታል፤ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81 ሺህ እስከ 138 ሺህ ሰው እንደሚሞትበት ይገምታል። ከሟቾቹ የሚበዙት እንደ አጎቴ ያሉ፣ እርሻ ላይ ውለው የሚገቡ፣ ሐኪም ቤት የሚርቃቸው ናቸው። ስለ እባብ ውበት ከከተማ መጥቶ ለእነርሱ መስበክ ነውር ነው።

ሆኖም ፍርሃቱ እውነት መሆኑ ዱላውን መድኃኒት አያደርገውም። እፉኝት አያሳድድም፤ በቀለሙ ተማምኖ ከቅጠል መካከል ይተኛል፤ ሲረገጥም ይነድፋል። ዱላ ይዞ ወደ እባብ የሚጠጋ ሰው አደጋውን ወደ ራሱ ይጠራል። ሌሊት የሚበራ ባትሪ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ፣ ክምር ከማንሣት በፊት በረጅም እንጨት መነካካት፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ማለት፤ እነዚህ ከዱላው ይልቅ ነፍስ ያድናሉ። የተነደፈም ሰው ቢኖር አይበጣ፣ አይመጠጥ፣ በገመድም አይታሰር፤ የተነደፈውን እግር ሳያንቀሳቅስ በሰው ትከሻ ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም ይድረስ። የመርዝ ማርከሻው እዚያ መገኘት እንዳለበት መጮህ ደግሞ የእኛ፣ የጸሐፊዎቹ፣ ድርሻ ነው። ያን ቀን አጎቴ የገደሉት እባብ ለጎተራቸው ዘበኛ ነበር፤ በእርሱ ፈንታ አይጡ ከረመ።

ቡሬ እየሰፋች ነው። በ2013 ዓ.ም. ከተመረቀው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጋር መንገዱም መጋዘኑም በዝቷል። ከተማ በገፋ ቁጥር ያልታሰበው ግንኙነት ይበዛል፤ በወንዝ ዳር፣ በክምር ሥር፣ በጓሮ። ከእንግዲህ የሚያድነን እጃችን ከድንጋዩ ከመድረሱ በፊት «ይኼ ማነው?» ብለን መጠየቅን ስንለምድ ነው። አዛውንቱ በፈጣም ዳር የነገሩን አንዲት ስም ነበረች። ጥቂት ቀደም ብለው ደርሰው ቢሆን ኖሮ፣ ያ አርጃኖ ወደ ውኃው በገባ ነበር፤ እኔም ይህን ጽሑፍ ባልጻፍሁ።