መኪናው ከመገዛቱ በፊት ቆጣሪው ይታይ

በዚህ ሳምንት የቤተሰብ ዓምዳችንን የያዘው ከአንዲት የሻምበል ባለቤት የደረሰን ደብዳቤ ነው። እኅታችን እንደሚገልጹልን፣ ታናሽ ወንድማቸው ሐርጌሳ ከተማ በግንባታ ሥራ ተሠማርቶ አምስት ዓመት ቆይቷል። አሁን «ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና በበርበራ ወደብ በኩል አስመጥቼ ታክሲ ላደርገው ነው፤ ቤንዚን የለ፣ ዘይት የለ፣ ትርፉ ንጹሕ ነው፤ የጎደለውን አንቺ ሙዪልኝ» ይላቸዋል። እርሳቸው ደግሞ በሚቀጥለው ወር ዕቁብ ይደርሳቸዋል። ባለቤታቸው ግዳጅ ላይ በመሆናቸው በስልክ «አንቺ እንደ መሰለሽ አድርጊ» ብለው ነገሩን ትተውላቸዋል። እኅታችን «እናንተስ ምን ትሉኛላችሁ?» ሲሉ ይጠይቁናል።

ለዚህ ዓምድ አንባቢ የዕቁብ ገንዘብ ምን እንደ ሆነ ማስረዳት አያሻም። ከአስቤዛ ላይ እየተቆረጠ፣ የልጅ ጫማ ለሚቀጥለው ወር እየተላለፈ የተጠራቀመ ነው። ስለዚህ ሳንቸኩል እንመልከተው።

ወጣቱ ሐሳቡን ከሜዳ አላመጣውም። በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ድምፅ ሳያሰሙ የሚያልፉት መኪናዎች ከዓመት ዓመት ሲበዙ ያላየ የለም። የኢትዮጵያ መንግሥት ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ያስታወቀው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። አስቀድሞም በ2014 ዓ.ም. በወጣ የቀረጥ ውሳኔ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና የጉምሩክ ቀረጡ 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚገባ 5 በመቶ ሆኖ፣ ተበታትኖ መጥቶ አገር ውስጥ የሚገጣጠመው ነጻ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። 5,150 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ውኃ ያለው አገር በውኃው መኪና ቢነዳ የሚያስደንቅ አይደለም።

ሒሳቡም ለዚያ አገር ይስማማል። አነስተኛ የቤንዚን መኪና 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ወደ 6 ሊትር ይፈልጋል እንበል። በጥር 2017 ዓ.ም. ቤንዚን በሊትር 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሲሸጥ፣ ይህ 609 ብር ያህል ነበር። የኤሌክትሪኩ መኪና ለዚያው መንገድ፣ በመሙላት ጊዜ የሚባክነው ተጨምሮ፣ ወደ 18 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። ሆን ብለን አብዝተን ለአንዱ 10 ብር ብናስብለት እንኳ 180 ብር ነው። ይህን ያየ ሰው ልቡ ቢነሣሣ አንፈርድበትም።

ነገር ግን የእኅታችን ወንድም የሚኖረው ሐርጌሳ ነው። የሶማሌላንድ ዋና ከተማ መብራቷን የምታገኘው በወንዝ ላይ ከተሠራ ግድብ አይደለም። የግል ኩባንያዎች በናፍጣ ጀነሬተር፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም በፀሐይ ኃይል ጭምር፣ እያመነጩ የሚሸጡት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010ዎቹ መጀመሪያ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ወደ አንድ የአሜሪካ ዶላር የሚጠጋ ዋጋ ይጠየቅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቀንሷል። በዚያ በድሮው ዋጋ ያው መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር 18 ዶላር ይበላ ነበር ማለት ነው። ቤንዚን በሊትር አንድ ዶላር ነው ብንል፣ ትንሿ ቪትዝ ያንኑ መንገድ በ6 ዶላር ትጨርሰዋለች። ንጹሕ ትርፍ የተባለው መኪና ሦስት እጥፍ አስወጣ ማለት ነው! ጭሱም ቢሆን አልቀረም፤ ጀነሬተሩ ወዳለበት ሰፈር ተዛወረ እንጂ።

ከዚህ አንድ ቀላል መለኪያ እናገኛለን፤ ማንም የቤት እመቤት በራስዋ ልታሰላው ትችላለች። 6 ሊትር ለ18 ኪሎዋት ሰዓት ማለት አንድ ለሦስት ነው። ስለዚህ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ሲሦ በታች ከሆነ የኤሌክትሪኩ መኪና በመንገድ ወጪ ያሸንፋል፤ ከሲሦው በላይ ከሆነ ይሸነፋል። ቤንዚን አንድ ዶላር በሆነበት ቀን ድንበሩ 33 ሳንቲም ነው። የከተማውን ዋጋ ከሰው አፍ መስማት አይበቃም፤ ወንድምዎ የተከራየበት ቤት የሚከፍለው ስንት እንደ ሆነ ነው የሚፈለገው። በሐርጌሳ ብዙ ክፍያ ዛድ በተባለው፣ በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በተጀመረው የስልክ ገንዘብ ስለሚፈጸም፣ የከፈለው በስልኩ ላይ ተመዝግቦ ይገኛል። የከፈለውን ገንዘብ ቆጣሪው በቆጠረው ኪሎዋት ሰዓት ያካፍለው፤ መልሱ እርሱ ነው።

ቀጥሎ የመኪናው ዓይነት ይመጣል። የሐርጌሳ መንገድ በቀኝ የሚነዳበት ሆኖ ሳለ፣ አብዛኞቹ መኪናዎች ከጃፓን አገልግለው የመጡ፣ መሪያቸውም በስተቀኝ የሆነ ናቸው። በዚህ መንገድ በርካሽ የሚገኘው የኤሌክትሪክ መኪና ብዙውን ጊዜ ኒሳን ሊፍ ነው። የመጀመሪያው ሊፍ፣ በ2010 መጨረሻ ለገበያ የቀረበው፣ 24 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ነበረው፤ አዲስ ሳለ በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ አንድ ጊዜ ሞልቶ 117 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄድ ነበር። ባትሪው በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ አልነበረም። በ2012 በአሜሪካ የአሪዞና ግዛት የሚኖሩ ባለመኪናዎች ሙቀቱ የባትሪያቸውን አቅም እንደ ቀነሰው አመልክተዋል። ሐርጌሳ ራስዋ ከ1,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የበርበራን ያህል አትግልም። መኪናው ግን ወደ እርስዋ ከመምጣቱ በፊት የት ኖሯል? ከጃፓን በቀጥታ የመጣና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ፀሐይ ላይ ሁለት በጋ የቆመ መኪና አንድ አይደሉም።

ደላላ ይህን አይነግርም፤ መኪናው ራሱ ግን ይናገራል። በሊፍ የዳሽቦርድ መስኮት በስተቀኝ ጠርዝ የባትሪውን ዕድሜ የሚያሳዩ 12 ትንንሽ እርከኖች አሉ። ከጎናቸው ካለው የሙሌት ምልክት ጋር ማምታታት አይገባም፤ ያኛው ሲሞላ ሁልጊዜ ይሞላል። ከ12ቱ 8 ብቻ የቀሩ ከሆነ፣ የባትሪው አቅም ወደ ሁለት ሦስተኛ ወርዷል፤ 117 የነበረው 77 ኪሎ ሜትር ሆነ ማለት ነው። በዚህ ታክሲ መሥራት እንዴት ይሆናል? ተራ የቤት ሶኬት የሚሰጠው ወደ 2.2 ኪሎዋት ነው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ተሰክቶ የሚያስገኘው መንገድ 12 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ከቀትር በኋላ ባትሪው ካለቀ ሾፌሩ እስከ ማታ ተቀምጦ ይጠብቃል። በፀሐይ ሰሌዳ እሞላዋለሁ ካለም፣ ፀሐይ በምትወጣበት ሰዓት ታክሲው መንገድ ላይ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው ወደ ቤት የሚመለሰው። ይህ ለመምህርና ለባለሱቅ፣ መኪናውን ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ቦታ ለሚያቆም ሰው፣ የሚያምር ነገር ነው፤ ለባለታክሲ ግን አይሆንም።

በርበራ ደርሶ መመለስንም አያስብ። መንገዱ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ባሕር ሲወርድ መኪናው በቁልቁለቱ ከወጪው ጥቂት ይመልሳል፤ ሲመለስ ግን 1,300 ሜትሩን ለመውጣት ብቻ ከመደበኛው በላይ ወደ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቀዋል፤ ማቀዝቀዣው ሳይቆጠር። በአሮጌ ሊፍ ይህ የሚሞከር አይደለም።

ጥገናውን በተመለከተ ወጣቱ አብዛኛውን እውነት ተናግሯል። የሞተር ዘይት፣ የነዳጅ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን የሚባል የለም፤ የፍሬን ሸራም ከሌላው መኪና ይልቅ ይቆያል። በአንጻሩ ባትሪው ከባድ ስለ ሆነ ጎማ ቶሎ ይበላል። እንደማንኛውም መኪና ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪም አለችው፤ እርስዋ ስትሞት ትልቁ ሞልቶ እንኳ መኪናው አይነሣም። ከሆዱ በታች የተዘረጋው ትልቁ ባትሪ የድንጋያማ መንገድ ወዳጅ አይደለም። (የሞተር ሕመም በጆሮአቸው የሚለዩ የትራንስፖርት ክፍል ነባር ሾፌሮቻችን በዚህ መኪና ምን እንደሚሰማቸው እናስባለን፤ የሚሰማ ነገር የለማ! በግቢ ውስጥ ወደ ኋላ ሲሄድም ሕፃናት ስለማይሰሙት መጠንቀቅ ያሻል።)

ይህን ስንጽፍ በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና በጅግጅጋ በኪራይ ቤት የሚኖሩትን ቤተሰቦቻችንንም አልዘነጋንም። በእናንተ ዘንድ ችግሩ የኤሌክትሪክ ዋጋ ሳይሆን ቆጣሪው የማን ነው የሚለው ነው። የቤቶች ታሪፍ ፍጆታ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ያደርጋል። አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት ግቢ የእናንተ መኪና የጎረቤትን እንጀራ መጋገሪያ ጭምር ያስወድዳል፤ ጠቡ በሁለተኛው ወር ይጀመራል። በአሮጌ ቀጭን ሽቦና በማራዘሚያ ሌሊቱን ሙሉ መሙላት ደግሞ ቤት ያቃጥላል። ምድር ሽቦ ያለው፣ ለብቻው የተዘረጋ መስመር በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይሠራ። የወታደር ቤተሰብ በዝውውር ስለሚኖር፣ ይህ ወጪ በተዛወሩ ቁጥር እንደ አዲስ እንደሚመጣ ይታሰብ።

እንግዲህ ለእኅታችን፤ ለታክሲ በተባለው አሮጌ ሊፍ ላይ ዕቁብዎን እንዲያፈሱ አንመክርም። የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋ ከቤንዚኑ ሲሦ በታች ሆኖ፣ ባትሪው ትልቅ የሆነ መኪና ተገኝቶ፣ መሙያው ያለበት ግቢ በጽሑፍ ውል የተከራየ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ከገንዘቡ ከፊሉን ብቻ፣ በስምዎ በተጻፈ ውል ቢሰጡ ክፉ አይሆንም። ወንድም ነውና ውሉ ያሳፍራል አይበሉ። አሁን የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው፤ የሦስት ወር የመብራት ክፍያውንና የመኪናውን ዳሽቦርድ ፎቶግራፍ ይላክልዎ። ዕቁቡ የሚደርስዎ በሚቀጥለው ወር ነው ብለዋል፤ እነዚህ ግን በስልክ ዛሬ ማታ ሊደርሱ ይችላሉ።