ሞተሩ ሲለወጥ የነዳጅ መስመሩስ?

ሞተሩ የደከመ አሮጌ መኪና ከሶማሌ ተራ በተገዛ ያገለገለ ሞተር ነፍስ መዝራቱ በአዲስ አበባ የቆየ ልማድ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለውን አሮጌ መኪና ማኖር ይበልጥ ምክንያታዊ ሆኗል። የለውጡ ሕጋዊ ምስክር በሊብሬው ላይ የሚሰፍረው የሞተር ቁጥር ነው። ቁጥሩ ግን ስለ ነዳጅ መስመሩ የሚናገረው ነገር የለም፤ ከቅያሪው ሥራ ሁሉ ለእሳት የሚቀርበው ይኸው መስመር ሆኖ ሳለ።

ዲኤክስንና ላዳን የመሰሉ ቀደምት መኪኖች የተሠሩት ለካርቡሬተር ነው። በሞተሩ ጎን ተገጥሞ በራሱ በሞተሩ የሚነዳው ፓምፕ ቤንዚኑን ከታንኩ ስቦ የሚያቀርበው ከ0.2 እስከ 0.4 ባር በሚደርስ ግፊት ነው። በምትኩ የሚገባው የኢንጀክሽን ሞተር 3 ባር ገደማ ይሻል። የመስመሩ ግፊት ዐሥር እጥፍ ሲያድግ ቱቦው፣ ማጣሪያውና መካኒኮች ፋሸታ የሚሉት ማጥበቂያ እንደነበሩ ይቀራሉ።

በኤስኤኢ ጄ30 ደረጃ አር7 የተባለው የካርቡሬተር ጎማ ቱቦ የተመደበው ለ50 ፒኤስአይ፣ ማለትም ለ3.4 ባር ገደማ ሲሆን፣ ለኢንጀክሽን የተሠራው አር9 ግን ለ100 ፒኤስአይ ነው። ተራው ቱቦ 3 ባርን ለጊዜው መቻሉ ነው አደጋውን የሚሰውረው፤ መኪናው ከጋራዥ ያለ እንከን ይወጣል። ብዙዎቹ የካርቡሬተር መኪኖች ወደ ታንኩ የሚመልስ መስመር የላቸውም፣ ቢኖራቸውም ቀጭን ነው። የኢንጀክሽን ፓምፕ ሞተሩ ከሚያቃጥለው እጅግ የሚበልጥ ነዳጅ ስለሚገፋ፣ ትርፉ መመለሻ ሲያጣ ግፊቱ ከ5 ባር ሊያልፍ ይችላል። ያን ጊዜ ያረጀው ጎማ በጋለው የጭስ ማውጫ አጠገብ ይፈነዳል።

ሌላም ጥያቄ አለ፤ ፓምፑን ማን ያቆመዋል? የቀድሞው ፓምፕ ሞተሩ ሲቆም አብሮ ይቆም ነበር። በቀጥታ ከቁልፉ ጋር የተያያዘ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ግን መኪናው ተጋጭቶ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም በተበጠሰ ቱቦ ቤንዚን ማፍሰሱን አይተውም። ፋብሪካው ሞተሩ ካልዞረ ፓምፑን የሚያቋርጥ ሪሌ ያስገባው ለዚህ ነበር፤ በቅያሪ ጊዜ ሽቦ ለማሳጠር ሲባል ይህን ሪሌ መዝለል ከቸልተኝነት በላይ ነው።

የአዲስ አበባ ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። የከተማዋ የአየር ግፊት 0.77 ባር ገደማ በመሆኑ ቤንዚን ከባሕር ጠለል ይልቅ በአነስተኛ ሙቀት ይተናል። ፓምፑ በሞተሩ ክፍል ተሰቅሎ ከሩቅ እንዲስብ ከተደረገ በመሳቢያው በኩል ያለው ነዳጅ ወደ እንፋሎት ይለወጥና ሞተሩ ይታፈናል። ስለዚህ የፓምፑ ቦታ በታንኩ ውስጥ ወይም ከታንኩ ሥር ነው። የካርቡሬተር ታንክ ውስጡ መከፋፈያ ከሌለው፣ ነዳጁ ሲያንስ በዳገትና በመጠምዘዣ ላይ ፓምፑ አየር ይስባል፤ ካርቡሬተር ይህን ክፍተት በትንሿ ሳህኑ ይሸፍነው ነበር፣ ኢንጀክተር ግን አይታገሥም።

ትልቅ ፓምፕ መግዛት መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ። ስሌቱ ይህን አይደግፍም፦ 75 ኪሎዋት የሚሰጥ ሞተር ለአንድ ኪሎዋት-ሰዓት 300 ግራም ቢፈጅ እንኳ ሙሉ ጉልበቱ በሰዓት 30 ሊትር ገደማ ይጠይቃል። ይህን መደበኛው ፓምፕ አትርፎ ያቀርባል። ከዚያ የሚበልጠው የሞቀ ነዳጅ ወደ ታንኩ ከመመለስ ሌላ ጥቅም የለውም። ይልቅስ በአሮጌው ሽቦ ላይ የሚባክነው ቮልቴጅ ይለካ።

ጋራዦች ይህ ሁሉ ወጪ ነው ይላሉ፤ ክርክራቸው ከንቱ አይደለም፣ ደንበኛው የሚከፍለው ለሚያየው ሞተር ነውና። ስለዚህ ግዴታው ከምዝገባው ሊመጣ ይገባል። አዲሱ የሞተር ቁጥር በሊብሬ ላይ ከመስፈሩ በፊት ግፊቱ በጌጅ ይነበብ፣ የቱቦው ዓይነት ከላዩ ጽሑፍ ይረጋገጥ፣ ቁልፉ ሳይዘጋ ሞተሩ እንዲጠፋ ተደርጎ ፓምፑ በሴኮንዶች ውስጥ ዝም ማለቱ ይታይ። የሜካኒካል ምሕንድስና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም የሞተር ቅያሪን ሲያጠኑ ከኃይልና ከጭስ ልኬት ጎን የመስመር ግፊትንና የፓምፕ ቮልቴጅን ቢያስገቡ፣ ለዚህ ምርመራ ወሰን የሚያወጣው ክፍል ከአገር ውስጥ መኪኖች የተነሣ ንባብ ያገኛል። አንድ የግፊት ጌጅና አንድ መልቲሜትር ለሥራው ይበቃሉ።