ለዘማቾቻችን መልስ እንጻፍ

ሐርቡ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ሌሊት ሌሊት መጋዘን የሚጠብቁ አንድ አዛውንት አሉ። ሠፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ስለሚላቸው እኔም እንዲያው ልጥራቸው። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ዝናብ ይዞኝ በረንዳቸው ላይ ተጠልዬ ሳለሁ ከካፖርታቸው የውስጥ ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጡና «ዐይኔ ደክሞብኛል፤ እስቲ ጮክ ብለህ አንብብልኝ» አሉኝ። እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ የደረሰ የስንብት ወረቀት ነው። ስም፣ ማዕረግ፣ ቁጥር፣ «በደረሰባቸው ጉዳት ምክንያት ተሰናብተዋል» የሚል ቃል፣ ከሥሩ የደበዘዘ ማኅተም። አንብቤ ስጨርስ «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። በቃላቸው ያውቁታል፤ ከንፈራቸው ከእኔ ቀድሞ ይንቀሳቀስ ነበር።

በስማቸው የተጻፈ ሌላ ወረቀት የላቸውም። ሀገር ለጋሼ አንድ ጊዜ ጻፈች፤ የጻፈችውም ሂድ ለማለት ነው።

ጋሼ ሚሊሻ ነበሩ። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያው የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴንን ይዞ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ ሲገፋ፣ «የእናት ሀገር ጥሪ» ተብሎ ከየገጠሩ ከተነሣው 300 ሺህ ገደማ ሕዝብ አንዱ ናቸው። እርፍ የጨበጠ እጃቸው ታጠቅ ጦር ሠፈር ውስጥ በጥቂት ወራት ጠመንጃ ለመደ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ድል ሲበሠር፣ የወሎ ገበሬ፣ የሐረርጌ ሚሊሻ፣ መደበኛው ሠራዊትና የኩባ ወታደሮች በአንድ ግንባር ላይ ነበሩ። ጋሼ ስለ ድሉ ብዙ አያወሩም። የሚያወሩት ስለ ውሃ ጥም ነው፤ አንዲት ኮዳ ለስንት ሰው እንደተዳረሰች፣ ማን ተጎንጭቶ ለማን እንዳሳለፈ።

የእኛ ሐርቡ መንገድ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ የሚወርድ ሁሉ ያልፍባታል፤ ወደ ሰሜን የዘመተውም ከሰሜን የተመለሰውም አልፎባታል። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ላይ ልጅ ነበርኩ። ሠራዊቱ ፈርሶ፣ ወታደሩ በባዶ እግሩ፣ የቆላው ፀሐይ እየጠበሰው በዚህ አስፋልት ቁልቁል ያዘግም ነበር። እናቴ እንስራዋን ደጅ አውጥታ በጣሳ ታጠጣለች። አንዱ ጠጥቶ ሲጨርስ ጣሳውን በሁለት እጁ መለሰላትና «እናቴ፣ አገርሽ የት ነው?» አላት። «ይኸው እዚሁ» ስትለው አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ። ለምን እንዳለቀሰ ያን ጊዜ አልገባኝም። ለዓመታት የጠበቀው አገር ውስጥ ቆሞ ውሃ በመለመኑ እንደሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ እነዚህን ሰዎች ዝም አልናቸው። «የደርግ ወታደር» የሚለው ቃል ስድብ ሆነ። እነሱም ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ዘበኛ፣ ተሸካሚ፣ የቀን ሠራተኛ ሆኑ። በ1990 ዓ.ም. የባድሜ ጦርነት ሲጀመር ደግሞ ሌላ ትውልድ ዘመተ፤ ከእሱም ብዙ ሰው አልተመለሰም፤ የተመለሰው ሠፈራችን ውስጥ አለ።

ጥሪዬ ይህ ነው፦ በየሠፈራችን ላሉ የቀድሞ ዘማቾችና ላልተመለሱት ባለቤቶች የምስጋና ደብዳቤ እንጻፍ። በእጃችን፣ በስማቸው።

ደብዳቤ ለወታደር ቤት እንግዳ አይደለም። ከግንባር የሚመጣ ደብዳቤ በ«ይድረስ» ይጀምርና ግማሽ ገጹ ሰላምታ ነበር፤ ለአባት፣ ለእናት፣ ለአክስት፣ ለጎረቤት፣ አንዳንዴ ለበሬው ሳይቀር። ማንበብ ለማትችል እናት የሚያነብላት የጎረቤት ተማሪ ነው፤ መልሱንም የሚጽፍላት እሱ ነው። ስንቱ መልስ ግን ሳይጻፍ ቀረ፤ ስንቱስ ተጽፎ ሳይደርስ ቀረ። አሁን የምንጽፈው ያንን የቀረ መልስ ነው። ምስጋናው ለጦርነት አይደለም። ጦርነት ምን እንደሆነ ለሐርቡ ሰው አይነገርም፤ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ላይ ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ እስከ ደጃችን ወርዶ አይተነዋል። ወዶ የዘመተም ታፍሶ የሄደም አለ። አካሉን የሰጠው ግን ሁለቱም ነው፤ ምስጋናውም ለሁለቱም ይገባል።

ሥራውን ከቅሬ፣ ከዕድራችን፣ እንጀምር። ማን በየትኛው ቤት እንዳለ፣ ማን እግሩን እንዳጣ፣ የማን ባል እንዳልተመለሰ ከቅሬያችን የተሻለ የሚያውቅ የለም። የቅሬ አባቶች ስም ይያዙልን። መምህራን አንድ ክፍለ ጊዜ ይስጡ፤ ነገር ግን ተማሪው ከመጻፉ በፊት ይሂድና ይጠይቅ። «ውድ ጀግናችን፣ ውለታዎ አይረሳም» ብሎ አርባ ተማሪ አንድ ዓይነት ከገለበጠ ከመፈክር አይለይም። የት ዘመቱ? አብሯቸው ማን ነበር? ምን ይናፍቃቸዋል? ስንት ሰው ገደሉ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ግን አይኑር፤ ይህን አስቀድመን እንምከረው። መናገር ያልፈለገም ይከበር፤ እሱን «አልጠየቅንዎትም፤ ስላሉ ብቻ እናመሰግናለን» ብሎ በሦስት መስመር መጻፍ ይቻላል።

ሲያደርሱም በሰው አይላኩት። ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ ሄደው፣ ከአቦሉ በኋላ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። ጎረቤት ይስማ፤ በተለይ የልጅ ልጆቻቸው ይስሙ። ከዚያ ወረቀቱን ይስጧቸውና ዱዓቸውን፣ ምርቃታቸውን ተቀብለው ይመለሱ።

«ደብዳቤ ዳቦ አይሆንም» የሚል አለ። እውነቱን ነው። የተጓደለ ጡረታ በደብዳቤ አይሞላም፤ የሚያፈስ ጣሪያም አይደፈንም። ሆኖም ደብዳቤ ይዞ የገባ ሰው ጣሪያውን ያያል። የሰው ሠራሽ እግራቸው ማሰሪያ ተበጥሶ በገመድ የታሰረ መሆኑን ያያል፤ ደሴ ካለው የአካል ተሐድሶ ማዕከል ለመድረስ የጎደላቸው የመኪና ዋጋ ብቻ መሆኑንም ይሰማል። እስከዛሬ ያላየነው ቤታቸው ስላልገባን ነው።

ምስጋና ዘመን እንደማያልፍበት ከደቡብ ኮሪያ ሰዎች እንማር። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ከ6 ሺህ በላይ የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በየተራ ዘምተውላቸው ከ120 በላይ የሚሆኑት ወደቁ፤ አንድም ሰው አልተማረከም። ኮሪያውያን በቹንቾን ከተማ መታሰቢያ አቆሙላቸው፤ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ለቀድሞ ዘማቾች ጭንብል ላኩ፤ ለልጆቻቸውና ለልጅ ልጆቻቸው የትምህርት ዕድል ይሰጣሉ። ያ ምስጋና ከሩቅ አገር የሚመጣ ነው። እኛ ከጋሼ በረንዳ ያለን ርቀት ሃምሳ እርምጃ አይሞላም።

እኔ የራሴን ጽፌያለሁ። አንድ ገጽ ናት። እናቴ በ1983 ዓ.ም. ያጠጣችውን ወታደር አስታውሼ፣ ስለዚያች ኮዳ ጠይቄያቸዋለሁ። ሰኞ ማታ አነበብኩላቸው። «ድገመው» አሉኝ፤ ደገምኩላቸው። ከዚያ አጥፈው ከስንብት ወረቀታቸው ጋር በዚያው ፌስታል ጠቀለሉት።

በ1969 ዓ.ም. የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ዘማች ዛሬ ወደ 70 ተጠግቷል። የካቲት 26 ሳይደርስ በሐርቡ፣ በኮምቦልቻ፣ በደሴ ደብዳቤ ያልደረሰው የዘማች ቤት አይኑር። አንድ ሉክ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ ይበቃል፤ መጻፍ የማትችሉ ተናገሩ፣ ልጆቻችን ይጽፉላችኋል።