የአውሮፕላን እግር ምርመራ፤ ሒሳቡን ማን ይክፈል?

አውሮፕላን ገዢም ሆነ ተከራይ ገበያ ሲወጣ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው፡፡ ስንት ሰዓት ሠራ? ነዳጅ ይበላል ወይስ ይቆጥባል? ቀጥሎ የወንበሩ ብዛት፣ ከዚያም የወሩ ኪራይ ይነሳል፡፡ ያን ሁሉ ቶን ተሸክሞ መሬት የሚነካው እግር፣ ባለሙያዎቹ «ላንዲንግ ጊር» የሚሉት ክፍል ግን ብዙውን ጊዜ በድርድሩ ማብቂያ ላይ፣ ያውም በአንድ መስመር ይታለፋል፡፡ ይህ ልማድ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማወቅ የስካንዲኔቪያኑን አየር መንገድ የኤስ.ኤ.ኤስን መዝገብ ማገላበጥ ይበቃል፡፡

ጳጉሜን 4 ቀን 1999 ዓ.ም. ከኮፐንሃገን ተነስቶ ወደ አልቦርግ የበረረ የኩባንያው ዳሽ 8 ኪው 400 አውሮፕላን ሲያርፍ የቀኝ እግሩ ታጠፈ፡፡ እግሩ መቆለፉን የሚያረጋግጠው አረንጓዴ መብራት ባለመብራቱ አብራሪዎቹ አደጋውን ቀድመው ጠርጥረው ስለነበር፣ በተሽከርካሪው (ፕሮፔለሩ) ትይዩ የተቀመጡት መንገደኞች ቦታ እንዲቀይሩ ተደርጓል፡፡ ደግ አደረጉ፡፡ አውሮፕላኑ በክንፉ ሲወድቅ የተሰባበረው ፕሮፔለር ስባሪ የአውሮፕላኑን ግድግዳ በስቶ ወደ መንገደኞቹ ክፍል ገብቷልና፡፡ ከተሳፈሩት 73 ሰዎች የሞተ የለም፡፡

በሦስተኛው ቀን፣ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ አዲሱን ሺህ ዓመት በምትቀበልበት ዕለት፣ የዚያው ኩባንያና የዚያው ዓይነት ሌላ አውሮፕላን ወደ ሊቱዌኒያዋ ፓላንጋ ሲጓዝ ተመሳሳይ ችግር ገጥሞት ወደ ቪልኒየስ ዞረ፡፡ እዚያም ሲያርፍ እንደገና የቀኝ እግሩ ታጠፈ፡፡ የሞተ ባይኖርም፣ ሁለት ጊዜ የደረሰውን አጋጣሚ ነው ብሎ የሚያልፍ መሐንዲስም ሆነ ነጋዴ አይገኝም፡፡

አምራቹ ቦምባርዲዬር ወዲያው ከ10,000 ጊዜ በላይ ያረፉ ኪው 400 አውሮፕላኖች ሁሉ ሳይመረመሩ እንዳይነሱ መከረ፡፡ በማግሥቱ የካናዳ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ምክሩን ትእዛዝ አደረገው፡፡ የግራና የቀኝ ዋና እግሮች፣ እንዲሁም እግሩን የሚያጥፈውና የሚዘረጋው የሃይድሮሊክ አንቀሳቃሽ ማጥበቂያ ብሎን በግዴታ እንዲፈተሹ የሚል ነው፡፡

እዚህ ላይ ምክርና ትእዛዝ በገበያው ውስጥ ምን ያህል እንደሚራራቁ ልብ ማለት ያስፈልጋል፡፡ የአምራቹ ማስታወቂያ ምክር ነው፤ አየር መንገዱ የፋይናንስ ኃላፊውን አማክሮ ለሚቀጥለው ወር ሊያስተላልፈው ይችላል፡፡ አውሮፕላኑ የተነደፈበት አገር ባለሥልጣን የሚያወጣው የበረራ ብቁነት መመሪያ ግን ሕግ ነው፡፡ አውሮፕላኑን የመዘገበው አገር ሁሉ በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት መሠረት መመሪያውን እንዳለ መቀበል ወይም መርምሮ ተገቢውን እርምጃ መውሰድ አለበት፡፡ ሳይፈተሽ የበረረ አውሮፕላን ብቁ አይደለም፡፡ ብቁ ያልሆነን አውሮፕላን ያበረረ ኩባንያም ጉዳት ቢደርስ ከመድን ድርጅቱ ጋር የሚገጥመው ክርክር ቀላል አይሆንም፡፡

ይሁንና የአስገዳጁን ፍተሻ ሒሳብ የሚከፍለው ትእዛዙን ያወጣው አካል አይደለም፡፡ አውሮፕላኑ ቆሞ እያለ ኪራዩ ይቆጥራል፤ የአብራሪው ደመወዝ ይከፈላል፤ የመድን አረቦኑ አይቀነስም፤ ትኬት የቆረጠው መንገደኛም በሌላ ኩባንያ እንዲሳፈር ወይም ሆቴል እንዲያድር ይደረጋል፡፡ የቆመ አውሮፕላን ይበላል እንጂ አያበላም፡፡ በዚህ የተነሳ በየአገሩ ያሉ አነስተኛ አየር መንገዶች የሚያሰሙት ስሞታ ከንቱ አይደለም፡፡ «ስህተቱ የአምራቹ ከሆነ ለምን እኛ እንከፍላለን?» ይላሉ፡፡ ጥያቄያቸው ግማሹ ትክክል ነው፡፡

ትክክል ያልሆነው ግማሽ በአልቦርጉ ምርመራ ታይቷል፡፡ የአንቀሳቃሹ ዘንግ ከጫፉ ማያያዣ ጋር የሚገጥምበት ጥርስ ዝጎ ተበልቶ ነበር፡፡ ጥርሱ ሲለቅ እግሩ ያለ ቁጥጥር ወርዶ ሳይቆለፍ ቀረ፡፡ ዝገት በአንድ ሌሊት አይመጣም፡፡ ሥራውን የሚሠራው ከውጭ በማይታይ ቦታ፣ ለወራትና ለዓመታት ነው፡፡ አምራቹ ለእርጥበት የተጋለጠ መገጣጠሚያ ነድፎ ከሆነ ይጠየቅ፡፡ አየር መንገዱም ደግሞ በየጥገናው ያን መገጣጠሚያ ፈትቶ ማየት ይገባው እንደነበር፣ ማየት ይችል እንደነበርም ይጠየቅ፡፡ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁለተኛውን አያስቀረውም፡፡

ከዚህ ጋር ተያይዞ በቂ ትኩረት ያልተሰጠው የአቆጣጠር ጉዳይ አለ፡፡ ቦምባርዲዬር መሥፈርት ያደረገው የማረፊያ ብዛትን ነው፡፡ 10,000 ማረፊያ ማለት በቀን ስምንት ጊዜ ለሚያርፍ የአገር ውስጥ አውሮፕላን ሦስት ዓመት ተኩል እንኳ አይሞላም፤ በቀን ሁለቴ ለሚያርፍ የረጅም ርቀት አውሮፕላን ግን ከ13 ዓመት በላይ ነው፡፡ ብረት የሚደክመው በሸክም ድግግሞሽ ስለሆነ ማረፊያን መቁጠር ለድካም ልክ ነው፡፡ ዝገት ግን ማረፊያ አይቆጥርም፤ ቀን ነው የሚቆጥረው፡፡ በባሕር ዳርቻ ጨዋማ አየር ውስጥ ያደረና በክረምት በረዶ ማቅለጫ ኬሚካል የተረጨ እግር፣ ጥቂት ቢበርም ይዝጋል፡፡ እግሩ ከአውሮፕላኑ ተነቅሎ ሙሉ በሙሉ የሚታደስበት ጊዜ በልማድ «ይህን ያህል ማረፊያ ወይም ይህን ያህል ዓመት፣ ቀድሞ የደረሰው» ተብሎ የሚጻፈውም በዚህ ምክንያት ነው፡፡ ለብዙ ዓይነት አውሮፕላኖች የዓመቱ ገደብ አሥር አካባቢ ነው፡፡ «ጥቂት ነው የበረረው» እየተባለ የሚሸጥ አሮጌ አውሮፕላን በገበያው ላይ የሚያሞኘው እዚህ ላይ ነው፡፡

ወደ ኤስ.ኤ.ኤስ እንመለስ፡፡ ፍተሻው ተካሄደ፤ ዝገት የተገኘባቸው አካላት ተቀየሩ፤ አውሮፕላኖቹ ወደ አየር ተመለሱ፡፡ ጥቅምት 16 ቀን 2000 ዓ.ም. ከቤርገን ወደ ኮፐንሃገን የበረረ ሦስተኛ ኪው 400 የቀኝ እግሩ አልዘረጋ ብሎ አረፈ፡፡ በዚህ ጊዜ አብራሪዎቹ ከአልቦርጉ ተምረው የቀኙን ሞተር አስቀድመው አጥፍተዋል፡፡ ምክንያቱ ሲመረመር ዝገት አልነበረም፡፡ ከቦታው የወጣ አንድ ትንሽ የጎማ ቀለበት የሃይድሮሊክ ዘይቱን መተላለፊያ ዘግቶ ተገኘ፡፡

የአስገዳጅ ፍተሻ አቅምና ድክመት በአንድ ላይ የሚታየው በዚህ ነው፡፡ ፍተሻው እንዲፈልግ የታዘዘውን አገኘ፡፡ ያልታዘዘውን አልፈለገም፤ ስለዚህም አላገኘም፡፡ ትእዛዝ የሚወጣው ያለፈውን አደጋ ይዞ ነው፡፡ የሚቀጥለውን የሚይዘው የዕለት ጥገናው ጥራት፣ የመካኒኩ እጅና ዓይን፣ የሚሰጠውም ጊዜ ነው፡፡ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ሌሊቱን ለጠዋት በረራ ለማድረስ በጥድፊያ የተገጠመን ቀለበት የትኛውም መመሪያ አያድነውም፡፡

በቴክኒክ በኩል የሦስተኛው አደጋ መንስዔ ከቀደሙት ሁለቱ የተለየ ነበር፡፡ የካናዳ ባለሥልጣናት አውሮፕላኑን ከአየር አላገዱትም፡፡ የኤስ.ኤ.ኤስ ቦርድ ግን በማግሥቱ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ 27ቱን ኪው 400 አውሮፕላኖቹን ለዘለቄታው ከአገልግሎት አስወጣ፡፡ መንገደኛው በአውሮፕላኑ ላይ እምነት አጥቷል፣ የኩባንያው ስምም አብሮ እየተጎዳ ነው የሚል ነበር ምክንያቱ፡፡ መሐንዲሱ «ይበራል» ሲል ገበያው «አልሳፈርም» አለ፤ ቦርዱ የሰማው ገበያውን ነው፡፡ መንገደኛ የምርመራ ሪፖርት አያነብም፤ በጋዜጣ ላይ ያየው በክንፉ የወደቀ አውሮፕላን ፎቶግራፍ ይበቃዋል፡፡ የፍተሻን ዋጋ በፍተሻው ሂሳብ ብቻ የሚለካ ሥራ አስኪያጅ ይህን ሁለተኛ ሂሳብ ረስቶታል ማለት ነው፡፡

ቦርዱ ትክክል ነበር? በአንድ በኩል አይደለም ማለት ይቻላል፡፡ ያንኑ አውሮፕላን ይጠቀም የነበረው የአሜሪካው ሆራይዘን ኤር ፍተሻውን አካሂዶ መብረሩን ቀጠለ፤ የመጨረሻውን ኪው 400 ያሰናበተው ከ15 ዓመት በኋላ፣ በጥር 2015 ዓ.ም. ነው፡፡ የኤስ.ኤ.ኤስ ደንበኛ ግን በሰባት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ደንግጧል፡፡ የደነገጠ ደንበኛን በመሐንዲስ ቃል መመለስ አይቻልም፡፡

የሚያስገርመው የሒሳቡ አዘጋግ ነው፡፡ መጋቢት 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ኤስ.ኤ.ኤስ ከቦምባርዲዬርና ከእግሩ አምራች ከጉድሪች ጋር ተስማምቶ ከአንድ ቢሊዮን የስዊድን ክሮነር ትንሽ የሚበልጥ ካሣ በጥሬና በቅናሽ መልክ አገኘ፡፡ በዚያው ስምምነት ከዚያው ከቦምባርዲዬር 27 አዳዲስ አውሮፕላኖች አዘዘ፡፡ ከእነዚህ 14ቱ የተሻሻሉ ኪው 400ዎች ናቸው! ነጋዴ ተጣልቶም ይገበያያል፡፡ ነገር ግን ይህ ካሣ የተገኘው ገዢው ትልቅ፣ ትእዛዙም ብዙ ስለነበር ነው፡፡ ሁለት ወይም ሦስት አውሮፕላን ተከራይቶ የሚሠራ ኩባንያ በተመሳሳይ ቀን አውሮፕላኑ ቢቆምበት አምራቹ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጠው ምንም ነገር የለውም፡፡ ለእርሱ ያለው አንድ መከላከያ አስቀድሞ የተፈረመው ውል ነው፡፡

በዓለም የኪራይ ገበያ ተከራዩ ከኪራዩ በላይ ለሞተር፣ ለፕሮፔለር፣ ለእግር እያለ የጥገና ተቀማጭ ይከፍላል፡፡ የእግሩ ተቀማጭ በማረፊያ ወይም በወር እየተሰላ ለአከራዩ ይገባል፤ እድሳቱ ሲደርስ ተመልሶ ይከፈላል ይባላል፡፡ ተመልሶ የሚከፈለው ለተያዘለት እድሳት እንጂ ድንገት ለሚመጣ አስገዳጅ ፍተሻ ነው ወይስ አይደለም የሚለው በውሉ ላይ በግልጽ ካልሠፈረ ተከራዩ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፡፡ በአምራቹ ጉድለት ምክንያት ሲቆም ኪራዩ ይቀጥላል ወይስ ይቆማል የሚለውም እንዲሁ፡፡ አከራዮች በልማድ «ይቀጥላል» የሚለውን ይጽፋሉ፤ ተከራዮችም በልማድ ሳያነቡ ይፈርማሉ፡፡

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፡፡ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2008፣ የኤስ.ኤ.ኤስ ውዝግብ በተዘጋበት ዓመት ማብቂያ ላይ፣ ስምንት ኪው 400 አውሮፕላኖች አዘዘ፡፡ የመጀመሪያው በ2002 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፡፡ በኋላ ቁጥራቸው ሠላሳ አካባቢ ደርሶ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላን፣ አክሱምንና ሌሎቹን ከተሞች ከዋና ከተማዋ ጋር ሲያገናኙ የኖሩት እነዚሁ ናቸው፡፡ ግዢው ድፍረት ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ጉድለቱ ታውቆ መመሪያ የወጣለት አውሮፕላን ጉድለቱ ገና ካልታወቀው አይከፋም፡፡ በዚህ ረገድ ገዢው በሌሎች ወጪ ተምሯል ማለት ይቻላል፡፡

የአገሪቱ መልክዐ ምድር ግን የራሱ ጣጣ አለው፡፡ ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፡፡ አየሩ ስስ በመሆኑ ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው ፍጥነት ያው ሆኖ ሳለ አውሮፕላኑ መሬት የሚነካበት እውነተኛ ፍጥነት በባሕር ወለል ላይ ካለው ከአሥር በመቶ በላይ ይጨምራል፡፡ ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ጎማውና ፍሬኑ የሚውጡት ጭነት በሩብ ያህል ይበልጣል ማለት ነው፡፡ በአጭር በረራ በቀን ደጋግሞ ለሚያርፍ አውሮፕላን ይህ ሁሉ ይደመራል፡፡ በአውሮፓ ሜዳ የተሰላን የፍተሻ ጊዜ ዓይንን ጨፍኖ ለደጋ ማረፊያዎች መቀበል አያዋጣም፤ የአገር ባለሥልጣን የአምራቹን ገደብ ለማጥበቅ ሥልጣን አለው፡፡ ሊጠቀምበትም ይገባል፡፡

የምርቱ መሥመር እ.ኤ.አ. በ2021 ቆሟል፡፡ የአውሮፕላኑም መብት ከ2019 ጀምሮ ከቦምባርዲዬር ወጥቶ ዴ ሃቪላንድ ካናዳ ለሚባለው ኩባንያ ተላልፏል፡፡ ስለዚህ በአፍሪካ የአገር ውስጥ መሥመር ለመግባት ኪው 400 የሚፈልግ ባለሀብት የሚያገኘው ያገለገለውን ነው፡፡ እንዲህ ያለ ገዢ ከሻጩ የሞተሩን መዝገብ ከመጠየቁ በፊት የእያንዳንዱን እግር መለያ ቁጥር፣ መጨረሻ የታደሰበትን ቀን፣ ከዚያ ወዲህ ያረፈበትን ብዛት፣ የቆመበትን አገር አየር ጠባይና የተፈጸሙትን የብቁነት መመሪያዎች ዝርዝር በጽሑፍ ይጠይቅ፡፡ እግሩ ከሌላ አውሮፕላን ተነቅሎ የተገጠመ ከሆነ ደግሞ የአውሮፕላኑ ዕድሜ ለእግሩ አይሠራም፤ የእግሩ የራሱ ካርድ ይቅረብ፡፡ ሻጩ ካርዱ ጠፍቷል ካለ ዋጋው ላይ የሙሉ እድሳቱ ወጪ ይቀነስ፡፡