የቀንድ ዋንጫችሁ ወዴት አለ?

«ዋንጫ» ሲባል ዛሬ የብዙዎቻችን ልብ የሚሮጠው ወደ ስታዲዮም ነው። በጥር ወር 1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቡድን አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣበት ቀን እስከ ዛሬ ይወራል። ነገር ግን ያ ሽልማት ስሙን የወረሰው እውነተኛው ዋንጫ፣ ይኸውም አባቶቻችን ጠላና ጠጅ ይጠጡበት የነበረው የቀንድ ዋንጫ፣ በየቤታችን የት እንደ ወደቀ ብንጠየቅ ስንቶቻችን እንመልሳለን? ከአልጋ ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ነውን? ወይስ በቢሮ ጠረጴዛ ላይ እርሳስ ታጭቆበት ይሆን?

አንባቢያን ሆይ፣ ይህን የምለው እናንተን ለመውቀስ አይደለም። ከሁላችሁም የባሰው ጥፋት የእኔ ነውና አስቀድሜ እርሱን ልንገራችሁ።

አባቴ ቦራ የሚባል በሬ ነበራቸው። እኔን ከፊደል ቤት እስከ ኮሌጅ ያደረሰኝ እህል የበቀለው ቦራ ባረሰው መሬት ላይ ነው። በሬው አርጅቶ ለፋሲካ ቅርጫ በታረደ ጊዜ አባቴ ቀንዱን ለባለሙያ ሰጥተው ዋንጫ አሠሩ። አስተማሪ ሆኜ ከቤት ስወጣም «ከድካሙ ያንተም ድርሻ አለበት» ብለው ለእኔ ሰጡኝ።

አንድ ቀን አባቴ ሊጠይቁኝ እንደሚመጡ ሰማሁ። ታዲያ ንጽሕናዬን ላሳይ ብዬ ዋንጫውን በፈላ ውኃ ዘፈዘፍሁት፤ በዱቄት ሳሙና ፈተግሁት፤ ሽታው እንዲጠፋ በረኪና ጨመርሁበት፤ ቶሎ እንዲደርቅም ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። አባቴ መጥተው ጠላ ስቀዳላቸው የዋንጫው አፍ ጎብጧል። ከእንጨት የተሠራው መቀመጫውም ዙሪያውን ለቅቆ ኖሮ፣ ጠላው በጋቢያቸው ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ ነበር!

አባቴ ግን አልተቆጡም። ዋንጫውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ ቀንድ እኮ ጥፍር ማለት ነው። አንተ እጅህን በፈላ ውኃ ትታጠባለህን?» አሉኝ።

ይህ አነጋገር እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ቀንድ፣ ጥፍር፣ ጠጉርና ሰኮና ኬራቲን ከሚባል ከአንድ ዓይነት ነገር የተሠሩ መሆናቸውን በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ። በቤቴ ግን ያን ትምህርት ያስታወሱኝ ፊደል ያልቆጠሩት አባቴ ሆኑ።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንየው። የበሬ ቀንድ በአጥንት ላይ እንደ አፎት የተሰካ ነው፤ አጥንቱ ሲወጣ ውስጡ ባዶ ይሆናል። ባለሙያው ቀንዱን በሙቀት አለስልሶ እንደ ፈለገ ያቀናዋል፤ ሲቀዘቅዝ የተሰጠውን መልክ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ሙቀት ለሠሪው መሣሪያ፣ ለባለቤቱ ግን ጠላት ነው። የእኔ ዋንጫ መቀመጫ የተደፈነው በሰም ነበር፤ የንብ ሰም ደግሞ 62 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ መቅለጥ ይጀምራል። በረኪናም ኬራቲንን ይበላል። ፀሐይ በበኩሏ ቀንዱን አድርቃ ትሰነጥቀዋለች። እኔ በአንድ ጧት ሦስቱንም ጠላቶች ጠርቼበት ነበር።

አያያዙ ግን ቀላል ነው። አንደኛ፣ እንደ ጠጣችሁ ወዲያው ለብ ባለ ውኃ በእጃችሁ እጠቡት፤ ካስፈለገም ለስላሳ ሳሙና ጥቂት ይበቃዋል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ አድርቃችሁ ነፋስ በሚገባበት ጥላ አስቀምጡት። ሁለተኛ፣ ጠላም ሆነ ጠጅ አታሳድሩበት፤ ትኩስ ሻይና ቡናም አትቅዱበት። ሦስተኛ፣ ጋን በወይራ ይታጠናል ብላችሁ ዋንጫውን ፍም ላይ አትድፉት። አራተኛ፣ ውጭው ደርቆ ሲነጣ ከመድኃኒት ቤት የሚገኘውን ሽታ የሌለው ፈሳሽ ፓራፊን በጨርቅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡና ወልውሉት። ቅቤ ለጊዜው ያምርበታል፤ ሲቆይ ግን ይከረፋል፤ ተባይም ይጠራል። አምስተኛ፣ ከተሰነጠቀ ባገኛችሁት ሙጫ አታጣብቁት፤ የምትጠጡበት ዕቃ ነውና ቀንድ ለሚሠራ ሰው አሳዩት።

«አልጠጣበትም፣ በሣጥን ቆልፌ አኖረዋለሁ» የሚል ቢኖር ግን የበለጠ ይጠንቀቅ። ሱፍና ጠጉር የሚበሉት የብልና የጥንዚዛ ዕጮች ቀንድም ይበላሉ፤ የሚወዱትም ጨለማና ማንም የማይነካውን ቦታ ነው። ከዋንጫው ሥር ዱቄት ቢጤ፣ በገላው ላይም ጥቃቅን ቀዳዳ ካያችሁ ሥራቸውን ጀምረዋል ማለት ነው። ስለዚህ በየበዓሉ የሚወጣ፣ የሚታጠብና በእጅ የሚታሽ ዋንጫ ተከብሮ ከተረሳው ይልቅ ዕድሜ አለው።

«ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» ይባላል። የእኔን ዋንጫ አንድ ባለሙያ መቀመጫውን በሰም መልሶ ደፍኖልኛል፤ አፉ ግን እንደ ቀድሞው አልቀናም። በየበዓሉ ጠላ ስቀዳበት ከንፈሬ የጎበጠውን ቦታ ያገኘዋል። ቦራ ዕድሜውን ሙሉ ቀጥ አድርጎ ሲያርስ ኖረ፤ እኔ ግን ቀንዱን በአንድ ጧት አጎበጥሁት።

እናንተ ገና ጊዜ አላችሁ። ዛሬ ማታ ከቢሮ ወይም ከትምህርት ቤት ስትመለሱ ያን ሣጥን ክፈቱ። በዋንጫው ውስጥ እርሳስ ካለ አውጡት፤ አቧራ ካለ በለብታ ውኃ አንሡለት። ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉም ቀንዱ የየትኛው በሬ እንደ ነበረ ጠይቋቸው።