«ሕዝቡ አይፈቅድም» ያለው ማን ነው?

«የእኛ ኅብረተሰብ የሟችን አካል አሳልፎ አይሰጥም።» የአንጎል ቲሹ ለምርምር ይሰብሰብ በተባለ ቁጥር ከኃላፊዎች የሚሰማው መልስ ይኸው ነው። ውይይቱም በዚሁ ይዘጋል፤ ኃላፊዎቹ ግን ሕዝቡን አልጠየቁም።

በተጠየቀበት ቦታ የሆነውን እንይ። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 ጥቁር አንበሳንና ጳውሎስን ጨምሮ በአምስት ሆስፒታሎች፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ለምን እንደሚሞቱ ተጠንቷል። ጽኑ ክትትል ክፍል ገብተው ከሞቱት 1,109 ጨቅላዎች በ441ዱ ላይ ሙሉ የአስከሬን ምርመራ ተደርጓል። ከመቶ አርባ መሆኑ ነው። ሁሉም ወላጅ አልፈቀደም፤ ሁሉም ግን አልከለከለም። በሐረርና በቀርሳም የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ወላጆችን አስፈቅደው ከሞቱ ሕፃናት ሳንባ፣ ጉበትና አንጎል በመርፌ ናሙና ወስደዋል። እምነታችን ይከለክላል እንዳይባል፣ አዲስ አበባ ባለው ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ባንክ ከተቋቋመ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስም ዓይናቸውን ለመለገስ ቃል ገብተው ነበር። ታዲያ ይህ ሁሉ ቤተሰብ የማን ኅብረተሰብ ነው?

ቲሹው ለምን ያስፈልጋል ለሚል፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በተሳተፈበት የአእምሮ ሕመም የዘረ-መል ጥናት ከሺዎች ምራቅ ተሰብስቧል። ምራቅ የቱ ዘረ-መል እንደተለወጠ ይነግረናል፤ ያ ዘረ-መል በፅንሱ አንጎል ውስጥ መቼና የት እንደሚሠራ አይነግረንም። ለዚህ ቲሹው ራሱ ያስፈልጋል። እንግሊዝ ፅንስ ካቋረጡ ሴቶች የፅንስ ቲሹ በጽሑፍ ፈቃድ እየተቀበለች በኒውካስልና በለንደን ማከማቸት ከጀመረች ቆየች። በትግራይ ሆስፒታሎች ከ10,000 ወሊድ 131ዱ ላይ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር አፈጣጠር ጉድለት በተመዘገበባት በእኛ አገር ግን ጥያቄው ገና ከስብሰባ አልወጣም።

እውነተኛው እንቅፋት ሌላ ቦታ ነው። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ዘመዶች አስከሬን ተቀብለው ሳይመሽ ለመቅበር ይጣደፋሉ፤ የአንጎል ቲሹም ከሞት በኋላ በሰዓታት ውስጥ መበላሸት ይጀምራል። በዚያች አጭር ጊዜ የሚያስፈቅድ የሠለጠነ ሰው፣ መብራት ሲጠፋ የማይቆም ማቀዝቀዣ፣ ናሙናው የማን እንደሆነ የሚወስን ግልጽ ሕግ ያስፈልጋል። ይህን ማሟላት የመንግሥት ሥራ ነው፤ በሕዝቡ ማመካኘት አይገባም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ከዚህም በኋላ ያለው ነው። ልጇ ከሞተ ሁለት ሰዓት ያልሞላት እናት፣ ነጭ ጋውን ለለበሰ ሰው «እሺ» ስትል ፈቅዳ ነው ወይስ እምቢ ማለት አቅቷት? ናሙናው ባሕር ከተሻገረ በኋላስ «ልጄን መልሱልኝ» ብትል የሚሰማት ማን ነው? ለዚህ የሚያረካ መልስ እስካሁን አላገኘሁም።